ማን ነው የወጣው? የአንግሊካን «ቀጣዮች» ታሪክ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኦክቶበር 2025 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ እንደምትሾም አስታወቀች። የተመረጡት የለንደኗ ጳጳስ ሳራ ሙላሊ ናቸው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ «ጋፍኮን» በሚል ምሕጻር የሚታወቀውና አብዛኛው ኃይሉ ከአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት የሚመነጨው የነባር አማኞች ስብስብ አንድ መግለጫ አወጣ። የመግለጫው ፍሬ ነገር «እኛ ከአንግሊካን ኅብረት አልወጣንም፤ ኅብረቱ እኛ ነን» የሚል ነበር። ብዙ ጋዜጦች ጉዳዩን እንደ አዲስ ነገር ዘገቡት። አዲስ ግን አይደለም። ይኸው ክርክር፣ ከሞላ ጎደል በዚሁ ቃል፣ በ1977 ሴንት ሉዊስ ከተማ ላይ ተደምጧል። ከዚያም በፊት በ1689 ለንደን ላይ ተደምጧል።

ለመሆኑ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ስትለወጥ የወጣው ማን ነው? ለውጡን አልቀበልም ብሎ የሄደው ነው ወይስ ለውጡን አምጥቶ በሕንፃው ውስጥ የቀረው? ይህ ጸሐፊ በሙያው መሐንዲስ እንጂ የነገረ መለኮት ሊቅ አይደለም፤ አንግሊካንም አይደለም። ነገር ግን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች በሁለት ሲኖዶስ ተለያይተው፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ቦታ ሲያስቀድሱ ለሩብ ምዕተ ዓመት የኖረ የስደተኛ ኅብረተሰብ አባል ነውና ጥያቄው እንግዳ አይሆንበትም። አንባቢም እንደማይሆንበት እገምታለሁ።

በቅድሚያ ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1534 ከሮማ ሲለዩ የለወጡት አለቃውን እንጂ ሃይማኖቱን አልነበረም። ጳጳሳቱም፣ ሀገረ ስብከቶቹም፣ ካቴድራሎቹም በየቦታቸው ቆዩ። ትምህርቱ ቀስ በቀስ የተለወጠው ከእርሳቸው በኋላ ሲሆን፣ መሣሪያውም ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር ያዘጋጁት የጋራ ጸሎት መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ መጀመሪያ በ1549 ወጣ፤ ከዚያ ተደጋግሞ ተሻሻለ፤ በ1662 የወጣው እትም በእንግሊዝ አገር እስከ ዛሬ በሕግ የጸና ነው። ክራንመር ራሳቸው ግን በ1556፣ በካቶሊኳ ንግሥት ሜሪ ዘመን፣ ኦክስፎርድ ላይ በእሳት ተቃጠሉ።

አንግሊካኖች እንደ ሉተራኖች የአንድ መምህር ተከታዮች አይደሉም፤ እንደ ካቶሊኮችም በሁሉም ላይ የሚወስን ፖፕ የላቸውም። «ምን ታምናላችሁ?» ለሚላቸው ሰው ነባሩ መልሳቸው «ስንጸልይ ስማንና ታውቃለህ» የሚል ነው። የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም። ከምእመናኑ መካከል ሃይማኖተ አበውን ገልጦ ያነበበ ስንት ነው? እምነቱን የተማረው ከቅዳሴው፣ ከማኅሌቱ፣ ከጾሙ ነው። እንግዲህ እምነቱ በጸሎት መጽሐፉ ውስጥ ላደረ ሕዝብ መጽሐፉን መለወጥ ቋንቋ ማሳመር ብቻ ሆኖ ሊታየው አይችልም። ሁለተኛው ማሰሪያ ደግሞ ጳጳሳቱ ናቸው፤ ከሐዋርያት ጀምሮ በአንብሮተ እድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ክህነት አለን ይላሉ። ሮማ ይህን አትቀበላቸውም። ፖፕ ሊዮ 13ኛ በ1896 የአንግሊካን ሹመት ፍጹም ባዶ ነው ብለው ወስነዋል። ቢሆንም አንግሊካኖቹ ራሳቸው፣ በተለይም ወደ ካቶሊክ ወግ ያዘነበሉት፣ ይህን ሐረግ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁታል። በኋላ የመጣው ጠብ ሁሉ የተነሣው ከእነዚህ ሁለት ማሰሪያዎች ነው።

አሁን ወደ 1689 ልመለስ። የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛ ካቶሊክ ነበሩ። በ1688 ለካቶሊኮችና ለሌሎች ተቃዋሚዎች ነጻነት የሚሰጥ አዋጅ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ሲያዙ፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ዊልያም ሳንክሮፍትና ስድስት ጳጳሳት «ይህ ከሕግ ውጭ ነው፣ አናስነብብም» አሉ። ንጉሡም ለንደን ግንብ ውስጥ አሰሯቸው፤ ፍርድ ቤት ግን በነጻ ለቀቃቸው። በዚያው ዓመት ዊልያም ኦቭ ኦሬንጅ ከሆላንድ መጥተው ጄምስ ሸሹ፤ ዊልያምና ሜሪም ነገሡ። አዲሱ መንግሥት ካህናቱ ሁሉ የታማኝነት መሐላ እንዲፈጽሙ ጠየቀ። ከእነዚያ ጄምስ ካሰሯቸው ሰባት ጳጳሳት መካከል አምስቱ፣ ሳንክሮፍት ራሳቸው ጭምር፣ «ለጄምስ ምለናል፤ ንጉሡ በሕይወት እያሉ ለሌላ አንምልም» አሉ። ያሰራቸውን ንጉሥ የሚወዱበት ምክንያት አልነበራቸውም። መሐላ ግን መሐላ ነው። አራት መቶ ያህል ካህናት ተከተሏቸው። ሁሉም ከሹመታቸውና ከደመወዛቸው ተነሡ፤ በሳንክሮፍት ምትክም በ1691፣ እርሳቸው በሕይወት እያሉ፣ ጆን ቲሎትሰን ተሾሙ።

«ፓትርያርክ በሕይወት እያለ ሌላ ፓትርያርክ አይሾምም» የሚለውን ክርክር ስንሰማ ላደግን ለእኛ ይህ ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ይገባናል። በ1991 ከመንግሥት ለውጥ በኋላ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ሲነሡ፣ በ1992 አቡነ ጳውሎስ ሲሾሙ፣ ከዚያም በስደት ሲኖዶስ ሲቋቋም የተነሣው ክርክር የ«አንምልም ባዮቹ» ክርክር ነበር ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የእኛው በጁላይ 2018 ዋሽንግተን ላይ ውግዘቱ ተነሥቶ፣ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ አገራቸው ተመልሰው መቋጨቱ ነው። የእንግሊዞቹ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ።

የእንግሊዞቹ ለምን አልተቋጨም? በ1694 በስደት ያሉት ጄምስ ፈቃዳቸውን ሰጥተው፣ አንምልም ባዮቹ ጆርጅ ሂክስንና ቶማስ ዋግስታፍን ጳጳሳት አድርገው በምሥጢር ሾሙ። ትልቁ ስሕተት ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጳጳሳት ሳይሾሙ ቢቀር ኖሮ ጉዳዩ በሕይወት ካሉት ጳጳሳት ጋር ያልፍ ነበር። ከመካከላቸው እጅግ የተከበሩት ቶማስ ኬን ይህን ስለተረዱ አዲሶቹን ሹመቶች አልወደዱም፤ ለመሐላቸው ሲሉ መንበራቸውን ያጡ ሰው ሆነው ሳለ መለያየቱ ከእርሳቸው በኋላ እንዲቀጥል አልፈለጉም። የቀሩት ግን ቀጠሉ። ከ1716 ጀምሮም እርስ በርስ ተጣሉ። ጠቡ አሁን በመሐላ ላይ አልነበረም፤ በወይኑ ላይ ውኃ ይጨመር ወይስ አይጨመር፣ ለሙታን ይጸለይ ወይስ አይጸለይ በሚልና በመሳሰሉት አራት ነጥቦች ላይ ነበር። በዚያው ዘመን ለምሥራቅ ኦርቶዶክስ ፓትርያርኮች ደብዳቤ ጽፈው አንድነት ጠየቁ፤ የደብዳቤው ልውውጥ ለዓመታት ቆይቶ ያለ ውጤት ቀረ። የመጨረሻው ጳጳሳቸው በ1805 አየርላንድ ውስጥ ሲሞቱ የእንግሊዙ ወገን ታሪክ ተዘጋ።

የስኮትላንዱ ወገን ግን አልጠፋም። በዚያ ጳጳሳቱ በሙሉ አዲሶቹን ነገሥታት አንቀበልም ብለው ስለነበር ቤተ ክርስቲያናቸው የመንግሥት ድጋፍ አጥታ፣ በከባድ የቅጣት ሕግ ሥር በየቤቱ እያስቀደሰች ኖረች። አሜሪካ ነጻ ስትወጣ የኮነቲከት ካህናት ሳሙኤል ሲበሪን ጳጳስ እንዲሆኑ መርጠው ወደ ለንደን ላኳቸው። የእንግሊዝ ጳጳሳት ሊሾሟቸው አልቻሉም፤ ሕጉ ለንጉሡ መማልን ይጠይቃልና የአንድ ነጻ አገር ዜጋ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ሲበሪም ወደ ስኮትላንድ ሄዱ። በኖቬምበር 14 ቀን 1784 አበርዲን ከተማ ውስጥ ሦስት የስኮትላንድ ጳጳሳት እጃቸውን ጫኑባቸው። የአሜሪካ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ ጳጳስ ክህነቱን የተቀበለው «ተገንጣይ» ከተባሉት ሰዎች እጅ ነው ማለት ነው። የ1789ኙ የአሜሪካ ጸሎት መጽሐፍም በቁርባን ጸሎቱ የስኮትላንዱን ፈለግ ተከተለ። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1970ዎቹ፣ ያችው የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን በሁለት ነገር ተናወጠች። አንደኛው የ1928ቱን የጸሎት መጽሐፍ መለወጥ ሲሆን ሁለተኛው የሴቶች ክህነት ነው። ለሴቶች ክህነት መንገዱን የከፈተችው አሜሪካ አልነበረችም፤ በ1944 በጦርነቱ መካከል የሆንግ ኮንጉ ጳጳስ ሮናልድ ሆል ቄስ በሌለበት ሕዝብ እንዳይጎዳ ብለው ፍሎረንስ ሊ ቲም ኦይ የተባሉትን ዲያቆናዊት ለቅስና ሾመዋል። በሰላሙ ዘመን ግን ነገሩ በድንገት ፈጠነ። በጁላይ 29 ቀን 1974 ፊላደልፊያ ላይ፣ ጡረታ የወጡና ከመንበራቸው የለቀቁ ሦስት ጳጳሳት የቤተ ክርስቲያኒቱን ፈቃድ ሳይጠብቁ አሥራ አንድ ሴቶችን ቄሶች አድርገው ሾሙ። በ1976 ሚኒያፖሊስ ላይ የተሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ ጉዳዩን በድምፅ አጸደቀው፤ ለአዲሱ የጸሎት መጽሐፍም የመጀመሪያውን ይሁንታ ሰጠ። መጽሐፉ በ1979 ጸደቀ።

የሁለቱን ወገኖች ክርክር በአጭሩ ላስቀምጥ። ደጋፊዎቹ «በጥምቀት ወንድም ሴትም እኩል ከሆኑ ክህነት ለምን ይለያቸዋል?» ይሉ ነበር፤ ክልከላው የዘመን ልማድ እንጂ የወንጌል ትእዛዝ አይደለም ሲሉ ይሟገቱ ነበር። ተቃዋሚዎቹ የክርስቶስንና የአሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ምሳሌነት ይጠቅሳሉ። ጸሐፊው ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1948 ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ አቋም ይዘው ተከራክረው ነበር። በዚህ ጸሐፊ ግምት ግን የተቃዋሚዎቹ ጠንካራው ነጥብ ስለ ሴቶች ሳይሆን ስለ ድምፅ የሚናገረው ነው። ክህነታችን የብቻችን አይደለም፤ ከሮማም ከምሥራቁም ጋር የምንጋራው የጥንቱ ርስት ነው። አንድ የአሜሪካ ጉባኤ በአንድ ሳምንት ስብሰባ፣ በእጅ ብልጫ፣ የጋራውን ርስት የሚሸጥበት ሥልጣን ከየት አገኘ? ይሉ ነበር። ለዚህ ጥያቄ የረባ መልስ ሲሰጥ አላነበብኩም። በሌላ በኩል ሄንሪ ስምንተኛ ራሳቸው የፖፑን ሥልጣን የሻሩት በፓርላማ ድምፅ ነበርና ተቃዋሚዎቹም የተቀመጡበት ቅርንጫፍ ያው እንደነበረ መካድ አይቻልም።

በሴፕቴምበር 1977 ሁለት ሺህ ያህል ቄሶችና ምእመናን ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ ተሰበሰቡ። ባወጡት የአቋም መግለጫ የጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ከጥንቱ ሃይማኖት የወጣ መሆኑን፣ ስለዚህም ቤተ ክርስቲያኒቱ የቀጠለችው በእነርሱ ዘንድ መሆኑን ተናገሩ። «ቀጣዮች» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ተገንጣይ መባልን አልፈለጉም። እነርሱ ባሉበት ቆመው ሳለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ጥላቸው የሄደች አድርገው ያዩት ነበር።

የሚቀጥለው እርምጃ ጳጳሳት ማግኘት ሆነ፤ ያለ ጳጳስ ቀጣይነት የለምና። እዚህ ላይ የኒቅያ ጉባኤ አራተኛው ቀኖና ይመጣል። ጳጳስ ሲሾም የአውራጃው ጳጳሳት ሁሉ ቢገኙ መልካም ነው፤ ካልሆነ ግን ቢያንስ ሦስት ይሰብሰቡ፣ የቀሩትም በደብዳቤ ይስማሙ ይላል። በእኔ ሙያ አንድ ምሰሶ ቢሰበር ጭነቱን የሚሸከም ሌላ እንዲኖር አድርገን እንሠራለን፤ የኒቅያ አባቶች ያሰቡትም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። አንዱ ጳጳስ ቢሳሳት ወይም ሹመቱ ጎደሎ ቢሆን ሁለቱ ይሸከሙታል። ቁጥሩ የምስክርነትም ጉዳይ ነው፤ ሦስት ጳጳሳት ከተስማሙ ነገሩ የአንድ ሰው ቁጣ እንዳልሆነ ይታወቃል።

በጃንዋሪ 28 ቀን 1978 ዴንቨር ከተማ ውስጥ፣ ከሉተራኖች በተለመነ ቤተ ክርስቲያን፣ ሹመቱ ተፈጸመ። ሿሚዎቹ ሦስት ይሆናሉ ተብሎ ተጠብቆ ነበር፤ የተገኙት ግን ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጡረታ የወጡት የስፕሪንግፊልድ፣ ኢሊኖይ ጳጳስ አልበርት ቻምበርስ ናቸው። ሁለተኛው የፊሊፒንስ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ፍራንሲስኮ ፓግታካን ናቸው። ሦስተኛው፣ የኮሪያው ጳጳስ ማርክ ፔ፣ የስምምነት ደብዳቤ ላኩ እንጂ አልመጡም። ሁለቱ መጀመሪያ ዴል ዶረንን ሾሙ፤ ዶረንም ወዲያው ሦስተኛ ሆነው ከሁለቱ ጋር ጄምስ ሞትን፣ ሮበርት ሞርስንና ፍራንሲስ ዋተርሰንን ሾሙ። ደብዳቤ እንደ እጅ ይቆጠራል ወይ የሚለው ክርክር ከዚያች ቀን ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል። ቀኖናውን በቀጥታ ለሚያነብ ሰው ደብዳቤው የቀሩትን ስምምነት ይገልጻል እንጂ የሦስተኛውን ቦታ አይሞላም።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በ1974 ሴቶቹን የሾሙት የለውጥ ሰዎች ጡረታ የወጡ ጳጳሳትን ተጠቀሙ፤ በ1978 ለውጡን የተቃወሙትም ጡረታ የወጣ ጳጳስ ተጠቀሙ። ሁለቱም ወገን ሥርዓቱን እናድናለን ብሎ ሥርዓቱን ጣሰ። በቅርቡም፣ በጃንዋሪ 2023፣ ሦስት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ሃያ ስድስት ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመናል ባሉ ጊዜ የሦስትን ቁጥር ኃይል በዓይናችን አይተናል። ቁጥሩ ሲሟላም ችግሩ እንደማይፈታ እንዲሁ አይተናል። ደግነቱ በወሩ ስምምነት ተደረሰ።

ወደ ዴንቨር ልመለስ። ከዚያች ቀን በኋላ ዓመት ሳይሞላ አንድነቱ ፈረሰ። በኦክቶበር 1978 ዳላስ ላይ ሕገ ቤተ ክርስቲያን ለማጽደቅ ሲሰበሰቡ ሁሉም አልተስማሙም። ሞት ከዋናው ክፍል ጋር «አንግሊካን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን» በሚል ስም ቀጠሉ። ሞርስ በምዕራቡ ጠረፍ የራሳቸውን አቋቋሙ። ዶረን፣ ያ የመጀመሪያው ሿሚና ተሿሚ፣ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ካቶሊክ ወግ አዘነበለብኝ ብለው ጥቂት ቆይተው ወጥተው ሌላ መሠረቱ። ዋተርሰን ደግሞ ኋላ ወደ ሮማ ካቶሊክ ገቡ። አራት ጳጳሳት፣ አራት መንገድ። በ1991 ሁለት ቤተ ክርስቲያኖችን ለማዋሐድ የተደረገው ጥረት ራሱ ሌላ ክፍፍል ወለደ፤ ከአንደኛው ወገን ውሕደቱን ያልተቀበሉት በቀድሞው ስም ቀርተዋልና።

ለምን ሆነ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የሰዎቹ ጠባይ ነው፤ ጳጳስ ለመሆን የቋመጡ በዝተው ነበር ይባላል። እውነትነት ሳይኖረው አይቀርም፤ ነገር ግን አልረካሁበትም። በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ከቀድሞዋ ቤተ ክርስቲያን ጠባይ ውስጥ ነው ያለው። አንግሊካን ቤት ሁልጊዜም ካቶሊክ የሚመስሉትንና ፕሮቴስታንት የሚመስሉትን በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖር ነበር። አንድ ያደረጋቸው የሐሳብ ስምምነት አልነበረም። በእንግሊዝ አክሊሉና ፓርላማው፣ በአሜሪካ ደግሞ የቆየው ንብረት፣ የጡረታው ገንዘብ፣ የጋራው መጽሐፍ ነበር። ሴንት ሉዊስ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች የማይፈልጉትን ነገር በአንድ ቃል ያውቁ ነበር። የሚፈልጉትን ሲጠየቁ ግን ግማሾቹ ከሮማ አንድ ደረጃ የራቀች ቤተ ክርስቲያን፣ ግማሾቹ ደግሞ በ1662 መንፈስ የምትኖር የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ነበር ያሰቡት። ጣሪያው ሲነሣ ግድግዳዎቹ ተለያዩ። ከዚህም በላይ፣ በድምፅ ብልጫ የተወሰነን ነገር «ሕሊናዬ አይቀበለውም» ብሎ የወጣ ሰው ነገ በአዲሱ ቤት በድምፅ ሲሸነፍ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ምክንያት ምንድን ነው? እኛም በስደት ከመሠረትናቸው ማኅበራት፣ ፓርቲዎችና አጥቢያዎች ይህን በሚገባ እናውቀዋለን።

ከእነዚህ መካከል አንዱ ቡድን መንገዱን እስከ መጨረሻው ሄዶበታል። በ1991 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የነባር አንግሊካኖች ኅብረት ጳጳሳት በኦክቶበር 2007 እንግሊዝ አገር ፖርትስመዝ ላይ ተሰብስበው ከሮማ ጋር ሙሉ አንድነት የሚጠይቅ ደብዳቤ ፈረሙ። ፖፕ ቤኔዲክት 16ኛ በኖቬምበር 2009 ለአንግሊካኖች በሙሉ የሚሆን በር ከፈቱ፤ የጸሎት ወጋቸውን ይዘው የሚገቡበት ልዩ ሀገረ ስብከት መሰል አስተዳደር ፈቀዱ። በሩ ሲከፈት ግን የገቡት በግል በግላቸውና በትንንሽ ቡድን ነበር። ኅብረቱ እንደ ኅብረት አልገባም። ሮማ ክህነታቸውን እንደ ባዶ ቆጥራ እንደገና ልትሾማቸው ነበርና። በዴንቨር የተከፈለው ዋጋ ሁሉ ለዚያች ክህነት ነበር።

በእንግሊዝ የተሄደበት መንገድ ሌላ ነው። በኖቬምበር 11 ቀን 1992 ጠቅላላ ሲኖዶሱ የሴቶችን ቅስና ሲያጸድቅ፣ በምእመናኑ ምክር ቤት የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በሁለት ድምፅ ብቻ ነበር ያለፈው። የተሸነፉትን ማባረር እንደማይቻል ሁሉም ገባው። ስለዚህ በ1993 ለውጡን ለማይቀበሉ አጥቢያዎች የራሳቸው እምነት ያላቸው፣ ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ የሚዘዋወሩ ጳጳሳት ተመደቡላቸው፤ ሕዝቡ «በራሪ ጳጳሳት» ይላቸዋል። መልቀቅ ለፈለጉ ቄሶች የገንዘብ ካሣ ተቆረጠ፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ካሣውን ወስደው ሄዱ። የቀሩት ግን እስከ ዛሬ በዚያው ጣሪያ ሥር አሉ። በመርሕ ደረጃ ዝብርቅርቅ ነገር ነው፤ ጳጳሱ የሾሟትን ቄስ ቄስ አይደለችም የሚል አጥቢያ በጳጳሱ ሀገረ ስብከት ውስጥ ይኖራል። መሐንዲስ ቢሆን የነደፈው ይህን ሥዕል አያጸድቅም ነበር። ሆኖም ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆሟል።

አሜሪካኖቹ ፍርድ ቤትን መረጡ። በ2003 ኒው ሃምፕሻየር ከወንድ ጋር በግልጽ የሚኖሩትን ጂን ሮቢንሰንን ጳጳስ አድርጎ ሲሾም ሁለተኛው ማዕበል ተነሣ። በዚህኛው ማዕበል ወጪዎቹ ጡረታ የወጣ ጳጳስ ፍለጋ አልተንከራተቱም፤ ወደ አፍሪካ ሄዱ። ቀድሞውንም በ2000 የሩዋንዳና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሊቃነ ጳጳሳት ሲንጋፖር ላይ ሁለት አሜሪካውያንን ሾመው ነበር። አሁን ናይጄሪያ ተከተለች። ሚሲዮን ልካ አፍሪካን ያስተማረችው ቤተ ክርስቲያን ልጆች ከአፍሪካ ጳጳስ ተቀበሉ።

በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ይህ ሁሉ በደጃችን ነው የሆነው። ከተማው ስሙን የወሰደባት ፎልስ ቸርች በ1732 የተመሠረተች አጥቢያ ነች፤ የጡብ ሕንፃዋ ከ1769 ጀምሮ የቆመ ሲሆን ጆርጅ ዋሽንግተን ከሰበካ ጉባኤዋ አባላት አንዱ ነበሩ። በዲሴምበር 2006 ድምፅ ከሰጡት አባሎቿ ዘጠና በመቶ ያህሉ ከኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ወጥተው በናይጄሪያ ሥር ለመሆን ወሰኑ። በፌርፋክስ የምትገኘው ትሩሮም እንዲሁ። ሕንፃው የማን ነው? ቨርጂኒያ ከርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በባርነት ጉዳይ ለተከፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ብላ በ1867 ያወጣችው ሕግ ነበራት፤ ቤተ ክርስቲያን ሲከፈል የአጥቢያው አብላጫ ድምፅ ይወስናል ይላል። ወጪዎቹ በዚህ ሕግ በ2008 ረቱ። በ2010 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። መከፈል መኖሩን አምኖ፣ ወጪዎቹ የተጠጉበት ወገን ግን ከኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን የተከፈለ ቅርንጫፍ አይደለም አለ። በ2012 ሕንፃዎቹና ገንዘቡ ለሀገረ ስብከቱ ተፈረደ፤ በ2013 ጸና፤ በ2014 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አልመለከትም አለ። የወጡት በ2019 በዚያው አካባቢ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ገቡ። ዛሬ ሁለቱም «ፎልስ ቸርች» ይባላሉ።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ከ1871 ጀምሮ የሃይማኖት ትምህርት ክርክር ውስጥ አይገቡም። ዳኛው የሚመለከተው የመሬቱን ሰነድ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱን ሕግና የክፍለ ግዛቱን ሕግ ነው። ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን በ1979 «የአጥቢያ ንብረት ሁሉ ለሀገረ ስብከቱና ለጠቅላላዋ ቤተ ክርስቲያን በአደራ የተያዘ ነው» የሚል አንቀጽ በሕጓ ውስጥ አስገብታ ነበር። ከሴንት ሉዊስ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። በቴክሳስ ግን የፎርት ወርዝ ሀገረ ስብከት ተመሳሳይ ክርክር አንሥቶ በ2020 ረታ፤ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ሌላ ነዋ። «ቤተ ክርስቲያናችን በቦርድ ስም ትመዝገብ ወይስ በሲኖዶስ?» እየተባባሉ በየከተማው ጠበቃ የሚቀጥሩ ወገኖቻችን ከነዚህ ሁለት መዝገቦች የሚማሩት ብዙ ነገር አለ። መጽሐፈ ቀኖና ይዘው ከመሄዳቸው በፊት የመሬቱን ሰነድ ያንብቡ።

እንግዲህ ማን ነው የወጣው? ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን «ቀኖና ጥሳችሁ፣ በሌላ ጳጳስ ተሹማችሁ ተገነጠላችሁ» ስትል፣ ሲበሪን ያገኘችው ከእንዲህ ያሉ ሰዎች መሆኑን የራሷ ታሪክ ያስታውሳታል። ወጪዎቹም «እኛ አልተለወጥንም» ሲሉ፣ በ2017 አትላንታ ላይ ከአርባ ዓመት ክፍፍል በኋላ አራት የቀጣዮች ቤተ ክርስቲያኖች ሙሉ ኅብረት እስኪፈራረሙ ድረስ የትኛዋ እንዳልተለወጠች ራሳቸውም አልተስማሙም ነበር።

ሁለተኛው ማዕበል በ2009 ቤድፎርድ፣ ቴክሳስ ላይ የሰሜን አሜሪካ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያንን መሠረተ። የሴት ጳጳሳትን ከለከለ፤ የሴቶችን ቅስና ግን ለየሀገረ ስብከቱ ተወው። የ1977ቱ ሰዎች በዚህ ምክንያት አልተቀላቀሉትም። የ2025ቱን መግለጫ ካወጣው ከጋፍኮን ወገን የሆነችው ኬንያም በ2021 ሮዝ ኦኬኖን የቡቴሬ ጳጳስ አድርጋ ሾማለች። ሴንት ሉዊስ ላይ ከተሰበሰቡት ሁለት ሺህ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶቹ፣ የ1928ቱን መጽሐፍ ይዘው በትንንሽ አጥቢያዎቻቸው ያስቀድሳሉ፤ «ኅብረቱ እኛ ነን» ከሚሉት ከሁለቱም ጋር አይቆርቡም።